«ልቦና ይስጥህ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ እምነት በቴሌግራም ስንነጋገር እንዴት እንደማመጥ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። አልጋ ላይ ነኝ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በተቀላቀለበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዲት ሴት «ለሞተ ሰው መጸለይ ምን ይጠቅማል?» ብላ ጻፈች። ፕሮፋይሏን ከፈትኩ። «ኢየሱስ ጌታ ነው» ይላል። ገባኝ አልኩ። ልትነካካን መጥታለች።

አሥራ አራት ጥቅስ ደረደርኩላት። መጽሐፈ ሄኖክ እንኳ አልቀረኝም። መጨረሻ ላይ «እህቴ፣ ልቦና ይስጥሽ» ብዬ ዘጋሁት። ግሩፑ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» በሚል ተጥለቀለቀ። ልቡ፣ እሳቱ፣ ጭብጨባው ከሥር ተደረደረልኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ኢንቦክስ ገባች። እናቷ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ቅዳሜ አርባቸው ነው። ወንድሞቿ ለተዝካሩ ድርሻሽን አምጪ ብለዋታል። እሷ የምትሰጠው ገንዘብ ለእናቷ ምን ማለት እንደነበር ማወቅ ፈልጋ ነው። በቃ። ከአሥራ አራቱ ጥቅስ አንዱም ይህን አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ ግሩፑን ከሚያስተዳድሩት አንዱ ሆኛለሁ። ብዙ ጭቅጭቅ አይቻለሁ። አብዛኛው ጭቅጭቅ ማንም ባልጠየቀው ጥያቄ ላይ የሚነሳ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የክርክር ማሸነፊያ ዘዴ አይደለም። ሁለት ሰው ቀጠሮ ይዞ፣ ሰዓት ተቆጥሮለት የሚሟገትበት ላይቭ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱን አልነካም። እኔ የማወራው በየቀኑ በኮሜንትና በግሩፕ ስለምናደርገው ነው።

1. ከጥቅሱ በፊት ሰውየውን ፈልጉ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አለበትና። ሰውየው ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። ደርሶ ግን መጀመሪያ ሲያነብ ሰማው። ቀጥሎ ጠየቀው፤ የምታነበው ይገባሃል ወይ? ጃንደረባውም ወጥተህ አብረኸኝ ተቀመጥ አለው። ከዚያ የራሱን ጥያቄ አመጣ፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ፊልጶስ ከዚያው ከተነበበው ቦታ ተነሥቶ አስረዳው።

ቅደም ተከተሉን እዩት። ሰማ፣ ጠየቀ፣ ተጋበዘ፣ ከዚያ ተናገረ። እኛ ከአራተኛው ነው የምንጀምረው።

ስለዚህ የመጀመሪያ መልሳችሁ ጥያቄ ይሁን። አጭርና የምር ጥያቄ። «ይህን ያስጠየቀሽ የገጠመሽ ነገር አለ?» ይበቃል። እኔ ያን ምሽት ይህችን አምስት ቃል ብጽፍ ኖሮ አሥራ አራት ጥቅስ ባላባከንኩ ነበር። «ለመሆኑ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበህ ታውቃለህ?» የሚለው ግን ጥያቄ አይባልም። የጥያቄ ምልክት የለበሰ ጥፊ ነው።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር። ከፕሮፋይል ፎቶው ጀርባ ማን እንዳለ አናውቅም። የሰፈር ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። ዋሽንግተን ያሉ የሰባ ዓመት አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ደክሟት፣ ማታ ላይ ስልኳን የከፈተች እህት ልትሆን ትችላለች። ካላወቃችሁ «እርስዎ» በሉ። እሳቸው «አንተ በለኝ» ይበሉ። አባታችሁ የሚሆን ሰው ላይ «አንተ ምን ታውቃለህ» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምታመጡት ጥቅስ ሁሉ ውሃ በልቶታል።

2. መልሱን መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት

ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የምትባል ቦታ አለች፤ ለራሳችሁ የምትልኩባት። የተናደዳችሁ ቀን መልሱን እዚያ ጻፉ። ስልኩን አስቀምጡና ሻይ ጠጡ። ተመልሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያፈራችሁበትን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ። የቀረውን ላኩ። ሰርዛችሁ ሰርዛችሁ ምንም ካልቀረ፣ አትላኩ።

ከመሸ በኋላ የተጻፈ ደግሞ ጠዋት ይላክ። የእኔን አይታችኋል።

በግብፅ በረሃ ስለነበሩት አባ አጋቶን የሚነገር ነገር አለ። ዝምታን እስኪማሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጠር በአፋቸው ይዘው ኖሩ ይባላል። የእኛ ጠጠር ያቺ የሻይ ሰዓት ብትሆን ብዙ አይደለም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባል የለ? ዛሬ አፋፉ ስክሪንሾት ነው። እናንተ ያጠፋችሁትን መልእክት ሌላው ሰው ጋለሪው ውስጥ አስቀምጦታል።

3. ቃሉን ተስማሙበት

ይህ ደረጃ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጠብ የሚፈላው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን፣ ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። ሲለያዩ ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኘው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይገናኝም። እኛ ሁላችን አማርኛ ተናጋሪ ነን፤ ግን አንዳንዴ ከእነሱ የባሰ አስተርጓሚ ያስፈልገናል።

ለምን? የሃይማኖት አማርኛና የሰፈር አማርኛ አንድ አይደለማ። «ባሕርይ» የሚለውን ውሰዱ። ሰፈር ውስጥ «የልጁ ባሕርይ ተበላሸ» እንላለን፤ ጠባዩን ማለታችን ነው። በነገረ መለኮት ግን ባሕርይ የአንድ ነገር ምንነት ነው። «አካል» ደግሞ በሰፈሩ ቋንቋ ሥጋና አጥንት ነው። «ሦስት አካላት» ሲባል ያልተማረ ጆሮ ሦስት ገላ ይሰማል። ሰውየው ሥላሴን ካደ ብለን ስንጮህ፣ እሱ እኮ የካደው ሦስት ገላን ነው።

«ስግደት»ም እንዲሁ ነው። ኦርቶዶክሱ የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ብሎ ይለያል። ለእሱ የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ወንጌላዊው «ስግደት» ሲል ብዙ ጊዜ አምልኮን ብቻ ነው የሚያስበው። ስለዚህ አንዱ «ለቅዱሳን እንሰግዳለን» ሲል ሌላው «ለፍጡር አምልኮ እናቀርባለን» ብሎ ይሰማዋል። መቶ መልእክት ይላላካሉ። አንዳቸውም «ስግደት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው አይጠይቁም።

በተቃራኒው ደግሞ ወንጌላዊው «ድነሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያመነበትን ቀን እያሰበ ነው። ኦርቶዶክሱ ድኅነትን በጥምቀት ተጀምሮ እስከ ዕለተ ሞት የሚዘልቅ መንገድ አድርጎ ተምሯል። «ድኛለሁ» ማለት ለእሱ ሳይደርሱ ደርሻለሁ እንደማለት ነው፤ ትዕቢት ይመስለዋል። «አልዳንኩም» ቢል ደግሞ ለዚያኛው ክርስቶስን የካደ ይመስላል። ምን ይበል ታዲያ?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነጋገረው የኬልቄዶን ጉባኤ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ451 ነው። ከዚያ በኋላ የሮምና የእስክንድርያ አብያተ ክርስቲያናት ተለያይተው ኖሩ። የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ ማንነት በአንድ መግለጫ ላይ አብረው የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከ1500 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሁሉ የቃል ብቻ ነበር እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ ማለት ለሁለቱም ወገን ንቀት ነው። ቃሉ ግን የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን «ሞኖፊዚት»፣ ማለትም በክርስቶስ አንድ ባሕርይ ብቻ የምታምን፣ የሚላት ሰው እስከ ዛሬ አለ። እሷ ግን ያን ስም አልቀበልም ትላለች፤ ሁለቱ ባሕርያት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ተዋሐዱ ነው የምትለው።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ውይይቱ ሊሞቅ ሲል አንድ ቃል ምረጡ። «ከመቀጠላችን በፊት፣ ምልጃ ስትል ምን ማለትህ ነው? እኔ ስል ይህን ማለቴ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ጠብቁ።

4. «አንድም» በሉ

የእኛ ሊቃውንት የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ «አንድምታ» ይባላል። ስሙ የመጣው «አንድም» ከምትለው ቃል ነው። መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ አንድ ፍቺ ይሰጣል። «አንድም» ይልና ሌላ ይጨምራል። ሌላም «አንድም» ይመጣል። ስለ አንድ ንባብ ሁለት፣ ሦስት ሐሳብ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ይህን ያህል የሌላ ሐሳብ መሸከም የሚችል ባህል ያለን ሰዎች፣ ግሩፕ ውስጥ ስንገባ አንዲት «አንድም» ታንቀናለች።

መልሳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ የእናንተን አትጀምሩ። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ፣ ይህን አድርጉ።

ለምሳሌ አንድ ወንጌላዊ «ጌታ እያለ ለምን ማርያምን ትለምናላችሁ?» ብሎ ጻፈ እንበል። የተለመደው መልስ «የጌታን እናት ልትሰድብ ነው?» ነው። እሱ ግን አልሰደበም። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦

«እንደገባኝ የምትለው እንዲህ ነው። ክርስቶስ ራሱ ቀርቦ የሚሰማን ከሆነ፣ መሐል ላይ ሌላ ማስገባት የእርሱን ሥራ ያሳንሳል። ልክ ነኝ?»

ኦርቶዶክሱ ደግሞ «ሳትጾም ሳትሰግድ ጸደቅኩ ትላለህ!» ብሎ ተቆጣ እንበል። ወንጌላዊው እንዲህ ይበለው፦

«ስጋትህ የገባኝ መሰለኝ። ‹ድኛለሁ› ብሎ የተቀመጠ ሰው ቸልተኛ ይሆናል፣ ኃጢአትም ይቀልለታል ነው የምትለው?»

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። «አዎ» ካለ፣ አሁን የምትመልሱት እሱ ላለው ነገር ነው። «ኧረ እንደዚያ አላልኩም» ካለ ደግሞ አርባ መልእክት ተረፈላችሁ። ቻርጁም ተረፈ፣ ዳታውም ተረፈ።

ስትደግሙለት ግን አታሳጥሩበት፤ አታቅልሉበትም። «እና አንተ የምትለው ሥዕል እንደ እግዚአብሔር ይመለክ ነው?» ብሎ መድገም ማዳመጥ አይባልም፤ ወጥመድ ነው። የሰውየውን ሐሳብ እሱ ራሱ ካለው አሳምራችሁ ማቅረብ ከቻላችሁ ጎበዝ ናችሁ።

5. ምርቃት የሚመስሉ ስድቦችን ጣሉ

እኛ ሐበሾች ስድብን በምርቃት መጠቅለል እንችልበታለን። «ልቦና ይስጥህ።» «እጸልይልሃለሁ ወንድሜ።» «ጌታ ዓይንህን ያብራልህ።» «እግዚአብሔር ይገሥጽህ።» ቃሉን ብቻ ብታዩት ጸሎት ነው። ክርክር መሐል ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አንተ ደንቆሮ። የተቀባዩ ጆሮ አይሳሳትም። የምር ልትጸልዩለት ከሆነ ጸልዩለት፤ ለእሱ ማስታወቅ አያስፈልግም።

የሳቅ ኢሞጂም እዚሁ ውስጥ ትገባለች። አንድ ሰው ስለሚያምነው ነገር ከልቡ ጽፎ ከሥሩ ሃያ የሳቅ ፊት ሲሰለፍበት፣ ከዚያ በኋላ ምን ሊያወራችሁ ይፈልጋል?

ስም አወጣጥም አለ። «መናፍቅ» እና «ጣዖት አምላኪ» የሚሉት ውይይት ይዘጋሉ፤ ግልጽ ነው። «ጴንጤ» ግን አስቸጋሪ ነው። እኔም ከላይ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱ ራሱን በዚያ ስም እየጠራ ይስቃል፤ ሌላው የድሮው ስድብ ትዝ ይለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰውየው ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት።

6. ከጋራው መደርደሪያ ጥቀሱ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው መጻሕፍት 81 ናቸው። የወንጌላውያኑ 66። ሄኖክን ለማይቀበል ሰው ሄኖክን መጥቀስ፣ በማያውቀው ዳኛ ፊት እንደማቆም ነው። ያስቀይማል እንጂ አያሳምንም። «ይህ መጽሐፍ ለአንተ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኛ ለምን እንደምናምን እንድታይ ብቻ ነው» ብላችሁ ካመጣችሁት ግን ሌላ ነገር ነው።

ትርጉሙንም ተመልከቱ። በሮሜ 8፥34 ላይ ያለችው ስለ ክርስቶስ የምትናገረው ቃል በተለያዩ የአማርኛ ዕትሞች በተለያየ መንገድ ተተርጉማለች። ሁለት ሰው ሁለት ዕትም ይዞ «ቀየራችሁት!» ይባባላል። መጀመሪያ የትኛውን ዕትም እንደያዛችሁ ተነጋገሩ።

7. የተቆረጠ ቪዲዮ አይታችሁ አትፍረዱ

ሠላሳ ሰከንድ የሰባኪ ቪዲዮ፣ ከላዩ ቀይ ጽሑፍ፣ «ጉድ ተሰማ!»። ሙሉውን ፈልጉ። ካላገኛችሁ ዝም በሉ። ምሳሌ 18፥17 ቀድሞ የተናገረ ሰው ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ይላል። ባልንጀራው ገና አልመጣም።

8. ማረም ካለባችሁ ወደ ኢንቦክስ ውሰዱት

አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቃል። ግን ያወቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ኤፌሶን ምኩራብ ውስጥ ሲናገር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። ተነሥተው «ተሳስተሃል!» አላሉም። ወደ እነሱ ወሰዱትና የጎደለውን በትክክል አስረዱት። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ነው። የሚገርመኝ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ጉባኤ የሚያናውጥ ሰው ድንኳን ሰፊ ባልና ሚስት ፊት ተቀምጦ መስማቱ ነው።

ሰውን ግሩፕ ላይ ስታርሙት የሚሰማው ስለ ስህተቱ የምትሉትን አይደለም። ስንት ሰው እንዳየው ነው የሚቆጥረው። ኢንቦክስ ግቡ። «ትናንት የጻፍከውን አየሁት፤ አንዲት ነገር ብጠይቅህ?» ብላችሁ ጀምሩ። የኢንቦክስ ወሬ ስክሪንሾት ተደርጎ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ይህን የሚያደርግ ሰው እኛ ግሩፕ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ እዚህ ላይ ጨካኝ ነን።

ስህተቱ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነስ? «መድኃኒትሽን ተይውና ጸሎት ብቻ ያዢ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይታችሁ ኢንቦክስ እስኪከፍት አትጠብቁ። እዚያው ላይ፣ በአጭሩ፣ ሰውየውን ሳትነኩ መልሱ።

9. ትሕትና እምነትን መተው አይደለም

ስለ አባ አጋቶን ሌላም ታሪክ አለ። ሰዎች ሊፈትኗቸው መጡ። «ዝሙተኛውና ትዕቢተኛው አጋቶን አንተ ነህ?» አሏቸው። «አዎ ነኝ» አሉ። «ሐሜተኛው አጋቶን አንተ ነህ?» «አዎ ነኝ።» «መናፍቁ አጋቶንስ?» «መናፍቅ አይደለሁም» አሉ። ስለ ራሳቸው የተባለውን ሁሉ ዋጡ። ስለ እምነታቸው ሲሆን ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አልጮሁም፤ ጥቅስም አልደረደሩም።

እኛ ገልብጠነዋል። ስለ እምነታችን ሲጠይቁን እንንተባተባለን፤ ስለ ራሳችን ሲናገሩን ግን ሰይፍ እንመዛለን።

ውይይቱ ወደ ስድብ ከዞረ ደግሞ መውጣት ነውር የለበትም። «ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፣ የጻፍከውን አስብበታለሁ» ብላችሁ ውጡ። ከዚያም የምር አስቡበት።

10. አድሚን ለሆናችሁ

ቴሌግራም «ስሎው ሞድ» አለው። አንድ ሰው አንድ መልእክት ከላከ በኋላ የወሰናችሁለት ጊዜ እስኪያልፍ ሌላ መላክ አይችልም፤ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ማዘግየት ይቻላል። ነገሩ ሲሞቅ አብሩት። ሰው መጠበቅ ሲገደድ ያነባል። ድምፅ መልእክትንም ገድቡ። የሰባት ደቂቃ ቁጣ ማንም አይሰማውም፤ ግን ሁሉም ይመልስለታል።

11. ስትሳሳቱ

ጽሑፉን አጥፍታችሁ አታምልጡ። የተሳሳታችሁት ግሩፕ ላይ ከሆነ ይቅርታውም ግሩፕ ላይ ይሁን። አጭር ይሁን። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። «ቅር ያሰኘሁት ካለ» አትበሉ፤ ቅር ያሰኛችሁት ሰው አለ። «ግን» የምትለዋን ደግሞ በፍጹም አታስገቡ።

እኔ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ትናንት እህታችን ለጠየቀችው ጥያቄ የመለስኩት ሳልሰማት ነው። መልሴ ጥያቄዋን አልመለሰም። ‹ልቦና ይስጥሽ› ማለቴም ስድብ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» የእናቷን ነገር አላነሳሁም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። ከትናንቱ ልብና እሳት አሥር በመቶው እንኳ አልመጣልኝም።

ኢንቦክስ ላይ ግን ስለ ተዝካሩ በደንብ አወራን። አርባ ቀን ለምን እንደሆነ፣ ፍትሐቱ ላይ ምን እንደሚባል፣ ለድሆች የሚሰጠው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። እሷ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ሞት እንዴት እንደምታስተምር ነገረችኝ፤ ያልሰማሁት ነገር ነበረበት። አሁንም ለሞተ ሰው በመጸለይ አታምንም። እኔም ማመኔን አልተውኩም።

ቅዳሜ ማታ መልእክት ላከች። «ሄጄ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአክስቶቼ ጋር ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ።»